የተፋቀው ሰደፍ

ነጋዴው ውጅግራ ጠመንጃውን ከመብራቱ ሥር አገላብጦ አየና ሰደፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ፊቱ ጠቆረ።

"ማነው የፋቀው?" አለ በእንግሊዝኛ።

ናዝራዊት ለአባቷ ተረጎመችላቸው።

"እኔ ነኝ" አሉ አቶ ገብረየስ ኮራ ብለው። "ሳምንት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ከረምኩ። የብረቱንም ዝገት አስለቅቄዋለሁ።"

ጠመንጃው የልጃቸው የአክሊል ነበር። አክሊል ከኢትዮጵያ አሮጌ መሣሪያ ከሚያስመጣ ሰው ገዝቶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማው ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ኖሯል። ካንሰር ከገደለው ስምንት ወሩ ነው። መቃብሩ ላይ ገና ድንጋይ አልቆመም። አባቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ ወዳለው የአሮጌ መሣሪያ ሱቅ የመጡት ውጅግራውን ሸጠው ሊያቆሙለት ነው።

ነጋዴው ቀስ ብሎ አስረዳ። መዝጊያውና አፈሙዙ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፤ ምንም ክፍሉ አልተለወጠም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚሰጡት ላልተነካ ዕቃ ነው፦ ዕድሜ ላጠቆረው ብረት፣ እንጨቱ ላይ ለቀረው የእጅ ወዝ፣ ባለቤቱ ለተወው ምልክት።

"ጽሑፍ ነበረበት?"

"የሰው ስም ነበረበት። 'መንገሻ' ይላል፣ በቢላ የተቀረጸ" አሉ አቶ ገብረየስ። "ያበላሸው መስሎኝ አጠፋሁት።"

ናዝራዊት አቀረቀረች። "አባዬ፣ አክሊል እኮ የገዛው ለዚያ ስም ብሎ ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ ሪሰርች ያደርግ ነበር።"

አቶ ገብረየስ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበ። "ስሙን ይጻፉልኝ። መልሼ እቀርጸዋለሁ፣ እንጨቱንም አጠቁረዋለሁ። ማንም አይለየውም፤ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል።"

"ለድንጋዩ ይበቃል፣ አባዬ" አለች ናዝራዊት ተርጉማ ስትጨርስ።

አቶ ገብረየስ እስክሪብቶውን አነሱ። "መ" ብለው ጀመሩና እጃቸው ቆመ። የጻፉትን ሰረዙት።

"መንገሻ በገዛ እጁ የጻፈውን እኔ አጠፋሁበት። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ጽፎ የመንገሻ ነው ይበል?"

"እና ምን ልበለው?"

"በወረደው ዋጋ ይውሰደው። ግን ወረቀቱ ላይ 'ሰደፉ ተፍቋል' ብሎ ይጻፍ። የሚገዛው ሰው አውቆ ይግዛ።"

"ድንጋዩስ?"

"ትንሽ እናቆምለታለን።"

ነጋዴው ትከሻውን ነቅንቆ መጻፍ ጀመረ። አቶ ገብረየስ እስኪጨርስ ጠበቁና ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጧት።

"አንብቢልኝ" አሏት።