የሬይ አከርካሪ

አስቴር በሐረር አዲሱ ከተማ ባዮሎጂ ስታስተምር ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሕር ግን አይታ አታውቅም። ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣም ባለ ሁለት ክዳኑ ዛጎልም አጥንት ስለሌላቸው፣ ሁለቱንም አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ብላ ነበር ያስተማረችው። በፈተናው ሁለቱን እንዲያወዳድሩ ስትጠይቅ፣ ናዝራ የምትባል የጀጎል ልጅ ብቻ «ሬይ አከርካሪ አለው» ብላ ጻፈች። አስቴር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችባት።

ናዝራ አልተከራከረችም። ከክፍል በኋላ ቀረት ብላ፣ አያቷ ዓብዱላሂ በወጣትነታቸው ዘይላ ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር፣ የሬይን አከርካሪም ስንቴ እንዳኘኩት እንደሚያወሩ በትሕትና ነገረቻት። ነገሩ አስቴርን ቆረቆራት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በባጃጅ እስከ ኤረር በር ሄዱና ወደ አያቷ ቤት የሚወስደውን ጠባብ መንገድ በእግር ተያያዙት።

ሽማግሌው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሽርጣቸውን ገለጥ አድርገው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩአት። ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ ዛጎል ፍለጋ ሲቆፍሩ፣ አሸዋ ለብሶ የተኛ ሬይ ረግጠው በጅራቱ እሾህ ወጋቸው። እሱም የመጣው ለዛጎሉ ነበር፤ በጠፍጣፋ ጥርሱ እንደ ወፍጮ ያደቀዋል። ዛጎሉ ግን ምስኪን ነው አሉ፤ ራስ እንኳ የለው፣ በአንድ እግሩ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ውሃ እያጣራ ይኖራል።

«አባባ፣ መጽሐፉ እኮ ሬይ አጥንት የለውም ይላል» አለች አስቴር።

«ወላሂ፣ መጽሐፉ አልዋሸም» አሉ ዓብዱላሂ። የጆሯቸውን ጫፍ ይዘው አጠፍ ዘርጋ አደረጉት። «እንደዚህ ነው፣ ልጄ። አጥንት አይደለም፤ አከርካሪ ግን ነው። ከራሱ እስከ ጅራቱ ይሄዳል።»

አስቴር ዘጠኝ ዓመት ስንቱን ልጅ እንዳሳሳተች ስታስብ ፊቷ ጋለ። ሽማግሌው ገብቷቸው ነው መሰል፣ ወሬውን ወደ ዘይላ ነፋስ መለሱት።

በማግስቱ ክፍል ገብታ ጠመኔ ሳታነሳ ቆመች።

«ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ» አለች። «ሬይ አከርካሪ አለው፤ አከርካሪው እንደ ጆሯችን ከሚታጠፍ ልም አጥንት የተሠራ ነው። ዛጎል ነው የሌለው።»

የናዝራ ማርክ ተስተካከለ። ሊድያ የምትባል ተማሪ ከኋላ እጇን አውጥታ የሌሎቹስ ምን ሊሆን ነው ብላ ጠየቀች። አስቴር፣ እሷ ባስተማረችው ስለሳቱ የማንም ማርክ እንደማይቀነስ ነገረቻቸው።

ሰኞ ዕለት ዓብዱላሂ ተጋብዘው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ክፍሉ መጡ። አስቴር ወንበሯን ለቀቀችላቸውና ናዝራ አጠገብ ተቀምጣ ደብተር አወጣች።