ቤዙ እስኪሰማ

ልጄ ከማለዲን ካሴቱን ይዞ የመጣው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ገና ከበሩ ሳይገባ «እማ፣ ጋሽ አምባው ሰጡኝ!» አለ።

አምባው የከፍተኛው አስተዳደር የኪነት ቡድን መሪ ናቸው። ቤዝ ጊታር የሚመታላቸው ልጅ ሐረር ተዛውሮባቸው ቦታው ክፍት ነበር። ካሴቱ ላይ ቡድኑ በልምምድ የቀዳቸው ሦስት ዘፈኖች አሉ። ከማል የሦስቱንም ቤዝ አጥንቶ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ከፍተኛው አዳራሽ ውስጥ ከተጫወተ ስሙ ቡድኑ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የቡድኑ አባል የሆነ ደግሞ በዚህ ዙር ለብሔራዊ ውትድርና አይጠራም።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

«ማን አለ?»

«ራሳቸው ጋሽ አምባው።»

«አፋቸውን ሞልተው?»

«አፋቸውን ሞልተው።»

«በጽሑፍ ነው?»

«እማ፣ ደግሞ ማህተም አለው ወይ በይ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን እሱኑ ልጠይቅ ነበር።

ጊዜው 1978 ነው። ከማል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ የዘማቾቹ ዝርዝር ዓርብ ይዘጋል እየተባለ ነበር። አባቱ ደርዊሽ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ፣ የሚያማክረኝ ሰው ስፈልግ ሁልጊዜ እሱ መንገድ ላይ ነው። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ መርማሪ ነኝ። በዚያ ሳምንት የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ቀን ቀን ቤት እውላለሁ፤ መተኛቱ ግን ቀረ።

አብራን በአንድ ግቢ የምትኖረው ጠጄ ልጇን ኦልጅራን ከሦስት ወር በፊት ወስደውባታል። «ስብሰባ አለ፣ አዳራሽ ና» ብሎ የጠራው የአብዮት ጥበቃው ካሳሁን ነበር። ከአዳራሹ በቀጥታ መኪና ላይ ጫኗቸው። ሹራብ እንኳ አልያዘም። እስካሁን የመጣላት ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው።

ከማል ቤዝ ጊታር የለውም። ያለችው አንዲት አሮጌ ጊታር ናት፤ ሁለቱ ቀጫጭን ክሮቿ ተበጥሰዋል፤ የቀሩት አራቱ ወፍራሞች ግን ከቤዝ ጊታር ክሮች ጋር አንድ ናቸው፣ ድምፃቸው ብቻ ቀጠን ይላል አለኝ። ችግሩ ጊታሯ አልነበረችም። የቤታችን ቴፕ ከተበላሸ ቆይቷል። የቀረን ደርዊሽ ከአሰብ ያመጣው ዎክማን ነው። የዎክማኑ የጆሮ ማዳመጫ ስፖንጆች በሙቀት ተበልተው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ እየረገፉ ነበር። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ዘፋኙ ይሰማል፤ ጭ፣ ጭ፣ ጭ የሚል የከበሮ ጫፍ ይሰማል። ከሥር ምንም የለም።

«ቤዙ የታለ?» አልኩት።

«እሱን ነው እኮ የምፈልገው!»

የባትሪ ድንጋዮቹን ከዎክማኑ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። ጉልበት አገኙ፤ ጭጭታው ብቻ ባሰ። ሬዲዮ ጠጋኙ ሁንዴ ጋ ወሰደው። ሁንዴ ገልብጦ አየውና «አቦ፣ ይሄ ምንም አልጎደለውም። ጆሮህ ላይ ስለማይገጥም ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ሾልኮ ያልቃል። ስፖንጅ ቀይርለት» አለው። ስፖንጁ የት ይገኛል ቢለው «አሰብ» አለው።

ሰፊ ባልሆንም መርፌ እጄ ላይ ነው። ማክሰኞ ጧት ከሥራ ስመለስ ከደርዊሽ አሮጌ የመኪና ወንበር ቆዳ ሁለት ቀለበት ቆረጥኩ፤ ውስጣቸውን ጥጥ ሞልቼ ማዳመጫው ላይ ሰፋኋቸው። እንዳይላላ ብዬ ጥጡን አበዛሁትና እንደ ድንጋይ ደረቁ። ከማል አደረጋቸው፤ አንገቱን ወደ ጊታሯ ሲያጎነብስ ተንሸራተቱ። በሻሼ አሰርኩለት፤ ሻሹ ላላ። ጥጡን ልቀንስ ብዬ ክሩን ስተረትር ቆዳው ተቀደደ፤ ሌላ ቆዳ የለኝም። ማክሰኞ እንዲሁ አለቀ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከማል ተስፋ ቆርጦ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። እኔ ከማዶ ሆኜ ጭጭታው ተሰማኝ። ልጁ ሊደነቁር ነው ብዬ ተነሣሁና ከኋላው መጥቼ ማዳመጫውን ልነጥቀው በሁለት እጄ ያዝኩ። ስይዘው መዳፌ ጆሮው ላይ ጫነው።

«አለ!» ብሎ ጮኸ። «እማ፣ አትልቀቂ! ቤዙ መጣ!»

ለቀቅ ሳደርገው ጠፋ። ስጫነው መጣ። እንዳምን ብሎ ለኔ አደረገልኝና በራሱ መዳፍ ተጫነልኝ። ዱም፣ ዱም ዱም፣ ዱም። የፋብሪካው ማሽኖች ከአጥሩ ውጪ ለቆመ ሰው እንደሚሰሙት ነበር፤ ጆሮ ሳይሆን ደረት ነው የሚሰማው።

ከዚያ በኋላ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ከኋላው ቆሜ፣ ጆሮዎቹን ይዤ ቀረሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ያቆማል፤ በጊታሯ ይመታል፤ መልሶ ይሰማል። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ክንዴ ዛለ። ሁለተኛውም ሊያልቅ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ።

«ከማለዲን አለ?»

የካሳሁን ድምፅ ነው። እጄን ከጆሮው ላይ አላነሣሁም። ከማል ምንም አልሰማም፤ ጭንቅላቱን ከዘፈኑ ጋር ቀስ አድርጎ ይነቀንቃል። ጠጄ ግቢው መሐል ልብስ ታጥባለች። በመስኮቱ አየችኝ። አንገቴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁላት።

«የለም» አለች ጠጄ። «ሳሪስ ሄዷል።»

«ሳሪስ የት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ወንድ ልጅ የሚሄድበትን ለጎረቤት ያስታውቃል እንዴ?»

«እናቱስ?»

«ከሌሊት ሥራ መጥታ ተኝታለች። ከፈለግህ አንተው ቀስቅሳት።»

ካሳሁን ቆመ። ጠመንጃው በበሩ ክፍተት ይታየኛል። በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለጠጄ የሆነ ነገር ነገራትና ሄደ።

ዘፈኑ አለቀ። ከማል ዓይኑን ገልጦ «እጅሽን ለምን አነሣሽ?» አለኝ።

«ደክሞኝ ነው። ውሃ ልጠጣ» ብዬ ወጣሁ።

ጠጄ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። «ዛሬ አሥር ሰዓት አዳራሽ ይምጣ ነው የሚለው» አለች በሹክሹክታ። «ደግሞም...»

«አዳራሽ!» አልኩና አቋረጥኳት። «ኦልጅራንም አዳራሽ ነበር ያለው! ሐሙስ ሳይደርስ ሊወስዱት ነው።»

«ስሚኝ እንጂ...»

አልሰማኋትም። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሲመሽ ወደ ቱሉ ዲምቱ አሻግሬው ገበሬ ዘመድ ቤት አሳድረዋለሁ፤ ነገ ተደብቆ ለፈተናው ይመጣል እያልኩ አስባለሁ። ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ፤ ሌላ ግን አልመጣልኝም። ለከማልም ምንም አልነገርኩት። ሦስተኛውን ዘፈን ሲከፍት እንደገና ጆሮውን ያዝኩ። አሁን የምይዘው ቤዙ እንዲሰማው ይሁን ሌላው እንዳይሰማው ለራሴም አልለይ አለኝ።

ጥቂት እንደቆየን ጠጄ በሩን በእግሯ በርግዳ ገባች።

«አንቺ ሴት መች ታስጨርሽኛለሽ! ካሴቱንም ይዞ ይምጣ ብሏል። ለውትድርና ካሴት ይዛችሁ ኑ ይባላል እንዴ?»

ከማል ማዳመጫውን አውልቆ ተራ በተራ አየን። «ማን ነው ካሴቱን ያለው?»

ነገርኩት። ጠጄም ካሳሁን ያላትን ጨረሰችልን፤ ነገ አዳራሹ ለስብሰባ ስለተፈለገ ፈተናው ወደ ዛሬ ተዛውሯል፤ ካሳሁንን የላኩት አምባው ናቸው። ሰዓቴን አየሁ። አሥር ሰዓት ከሃያ።

«ደበቅሽኝ?» አለ።

«ሊወስዱህ መስሎኝ...»

«ሦስተኛውን እኮ ገና ሰምቼ አልጨረስኩትም፣ እማ!» ካሴቱን መንጭቆ አወጣና ሮጠ። ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ተከተልኩት። የባቡር ሐዲዱን ስንሻገር አንድም ጊዜ ዞሮ አላየኝም።

አዳራሹ በር ላይ ካሳሁን ቆሟል። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እትዬ ላጢፋ፣ ከሳሪስ እንዲህ ፈጥኖ የመጣው በአውሮፕላን ነው?»

«አውቶቡስ ቶሎ ተገኘ» አልኩት።

«ከእንቅልፍዎም ተነሡ ማለት ነው።» ከማልን አሳልፎ እኔን በጠመንጃው አፈሙዝ ወደ ዳር አመለከተኝ። «እርስዎ እዚህ። ጋሽ አምባው ሊሄዱ ተነሥተው ነበር፤ ጥቂት ይጠብቁት ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።»

ጠጄ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን እያልኩ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

ግድግዳው ጭቃ ነው። ዘፈኑ ሲጀመር ዘፋኙ አይሰማኝም፣ ከበሮውም እምብዛም፤ የሚሰማኝ ቤዙ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ሳይደናቀፍ አለቀ። ሁለተኛውም። በመካከላቸው ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ በእሱ ላይ መሰለኝ። ሦስተኛው ተጀመረ። ዱም፣ ዱም... ቆመ። ሌሎቹ እየተጫወቱ ነው፤ ቤዙ የለም። ያ አላህ፣ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ነው እያልኩ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ቆጠርኩ፤ ሃያ ደረስኩ። ከዚያ ቤዙ በአንዲት ድምፅ ብቻ ተመለሰ። እሷኑ ደጋግሞ ይመታል፣ ሌላ አይሞክርም። እስኪያልቅ ድረስ እሷን ይዞ ዘለቀ።

አምባው መነጽራቸውን እየጠረጉ ወጡ። ከማል ከኋላቸው አንገቱን ደፍቷል።

«ሦስተኛውን አያውቀውም» አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። እሱ ሊያጠና ሲል እኔ ነኝ...»

«ያ ሐረር የሄደው ልጅ ሲጠፋበት ሁላችንንም ይዞን ነበር የሚጠፋው። ይሄኛው ዝም አለ፣ ሰማ፣ ገባ። ሌላውን እናስተምረዋለን። ጽፌዋለሁ።»

«የት?»

«መዝገቡ ላይ ነዋ።»

«ላየው እችላለሁ?»

«እማ!» አለ ከማል፤ ከቤት ከወጣን የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

አምባው መዝገቡን አምጥተው ገለጡልኝ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት፣ ከማለዲን ደርዊሽ። በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«የአያቱንም ስም ይጨምሩልኝ። ሙሀመድሁሴን። በኋላ ሌላ ነው እንዳይባል።»

ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙና ጨመሩልኝ።

«ማህተሙስ?»

«ማህተም ያዡ ወጥቷል። ነገ ይመታበታል።»

«ነገ ስንት ሰዓት?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ይከፈታል።»

«እኔ ከሥራ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ» አልኩ። «እዚህ በር ላይ እጠብቃለሁ።»