የእህቷ ስም

ማክሰኞ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ጫኖ ባለው የሙዝ እርሻ ቢሮ ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፦ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ አስናቀ፣ የእርሻው ክሊኒክ ነርስ ሲስተር ኢየሩስ፣ የሠራተኞች ተወካይ ኦይታ፣ እና ሙዝ የምታጥበው ዘርፈሽ። ዘርፈሽ መሆኗን ከኦይታ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በእርሻው መዝገብ ላይ ስሟ አገኘሽ ነው።

"የሐሞት ከረጢቷ በጠጠር ተሞልቷል" አለች ሲስተር ኢየሩስ። "ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ከዓርብ እንዳያልፍ ብሏል። ከፈነዳ አናተርፋትም።"

ዘርፈሽ በቀኝ ጎኗ በኩል ነጠላዋን ጨብጣ ያዘች። እርሻው ሠራተኞቹን መድን ድርጅት አላስገባም፤ የሚታከሙበትን የሚከፍለው ራሱ ነው። ቀዶ ሕክምና ሲሆን ግን እነዚህ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ፈርመው ደብዳቤ ካልጻፉ ሆስፒታሉ አልጋ አይሰጥም።

"ቋሚ ናት?" አሉ አቶ አስናቀ።

"አራት ዓመቷ ነው ጌታዬ" አለ ኦይታ። "ደግሞ የምን ጠጠር? ሐሞቷ እኮ እናንተን ስታይ ገና በር ላይ ፈሷል!"

አቶ አስናቀ ሳቁና ፈረሙ። ኦይታም ፈረመ። ሲስተር ኢየሩስ አንድ ቅጽ ከፋይሉ አወጣች።

"ይቺን እንሙላና ጨረስን። ድንገት አንድ ነገር ቢሆን የምንጠራው ሰው? ባል አለሽ?"

"የለኝም።"

"እህት፣ ወንድም?"

"እህት አለችኝ። ካምባ ነው የምትኖረው።"

"ስሟ ማን ነው?"

ዘርፈሽ ወደ ኦይታ ዞረች። እርሻው ስምንተኛ ክፍል ያለፈ ብቻ ሲቀጥር እሷ ከአራተኛ ያቋረጠች ነበረች። ታላቅ እህቷ አገኘሽ "እኔ አግብቻለሁ፣ ምን ያደርግልኛል?" ብላ የምስክር ወረቀቷን ከሣጥን አውጥታ ሰጠቻት። ዘርፈሽ በእሱ መታወቂያ አወጣች፤ በእሱ ተቀጠረች።

ኦይታ ጎንበስ ብሎ በጋሞኛ "የራስሽን ስም ስጫት፤ ማን ያውቃል?" አላት።

ልትሰጣት ነበር። ግን ቅጹ የሚጠይቀው ስልክስ? የራሷን ብትሰጥ፣ ካልነቃች ስልኩ የሚጮኸው አልጋዋ ሥር፣ የገዛ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። የእህቷን ብትሰጥ ደግሞ አገኘሽ ስልኩን አንስታ "አገኘሽ ሞታለች" ትባላለች። ሬሳው ካምባ የሚደርሰው በእህቷ ስም ነው። በሕይወት ያለችው የሦስት ልጆች እናት በመንግሥት መዝገብ ሙት ትሆናለች፤ ዘርፈሽ የምትባል ልጅ ደግሞ የትም አልሞተችም። እውነቱን ብትናገርስ? በሰው ወረቀት የተቀጠረ ይባረራል። ለተባረረ ደብዳቤ የለም። ለዓርብ ደግሞ የቀረው ሦስት ቀን ነው።

ጎኗን ወጋት።

"አንቺ ልጅ፣ የእህት ስም ይጠፋል እንዴ?" አሉ አቶ አስናቀ።

ኦይታ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት።

"አልጠፋኝም ጋሼ" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም። "አገኘሽ እሷ ናት። እኔ ዘርፈሽ ነኝ። ወረቀቱ የእሷ ነው።"

ሲስተር ኢየሩስ መጻፏን አቆመች። አቶ አስናቀ የፈረሙበትን ደብዳቤ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ኮሚቴው በዚያ ዕለት ሳይወስን ተነሣ፤ ለረቡዕ ጧት ቀጠራት።