ለመኪናዋ የተያዘ ውሃ

የሞጣው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ አብዱራዛቅ፣ አሮጌዋ ፒክአፕ በብቸና መንገድ ዳገት ላይ አንዴ ደግማ ከፈላች ሊሸጧት ቆርጠዋል። መንዳት የተማረችባት ልጃቸው ዘሚራ ግን ጥፋቱ የቴርሞስታቷ እንደሆነ ጠረጠረች። ፈትታ አወጣቻትና በድስት በሚፈላ ውሃ ውስጥ ነከረቻት፤ ሞተሩ ሲግል ተከፍታ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ማሳለፍ የነበረባት ትንሿ በሯ ንቅንቅ አላለችም።

«እንግዲያው ጣያትና ያለ እሷ እንሂድ» አሉ አባቷ።

«ያለ እሷማ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይፈጃል። አባ፣ በር ቢበላሽ ይቀየራል እንጂ ቤት ክፍቱን ያድራል?»

«ምላስሽስ መቼ ተበላሸ!»

አዲሷ ቴርሞስታት በዚያው ድስት ተፈትና ውሃው ሊፈላ ሲል ተከፈተች፤ ዘሚራም ገጠመቻት።

በማግስቱ ከብቸና ሲመለሱ ሐጂ መኪናዋ ብትፈላ ብለው እንደ ልማዳቸው የውሃ ጀሪካን በእግራቸው መካከል ይዘው፣ ዓይናቸውን ከሙቀት ጠቋሚው ላይ ሳይነቅሉ ተጓዙ። ዳገቱ አለቀ፤ ጠቋሚው ከመሃል አላለፈም። የአስር ሶላት ሲደርስ «አቁሚ» አሏት።

ዘሚራ ደነገጠች። «ምን ሸተተዎት?»

ሐጂ ጀሪካኑን ይዘው ወረዱና እጅጌያቸውን ሰብስበው ውዱእ አደረጉ። ከዚያም የቀረውን አቀበሏት።

«እንኪ፣ አንቺም አድርጊበትና ጨርሺው፤ መኪናዋ አትፈልገውም።»