ዋልልኝ ተሸክሞት የወጣው መርዶ

መልካሙ ሆስፒታል አንድ ሌሊት አድሮ፣ ሳይነቃ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አረፈ። በዋዜማው አመሻሽ ከብስክሌት ልምምድ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር አንሸራቶት ነበር። ከኋላው ይነዳ የነበረው ጓደኛው ዋልልኝ ሲወድቅ አይቶታል። ሁለቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምረው አብረው ብስክሌት የነዱ፣ ደብረ ታቦር አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ነበሩ።

የሆስፒታሉ ወረቀት እስኪያልቅ አስከሬኑ የሚሄደው በማግስቱ ነው ተባለ። የመልካሙ እናት እማ ፈንታነሽ ግን ጉና ተራራ ጥግ፣ ስልክ በማይደርስበት መንደር ነው የሚኖሩት። አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ለወንድማቸው ለቄስ ታደሰ መንገር አለበት። እሳቸው ሽማግሌ ሰብስበው ንጋት ላይ ያረዷቸዋል።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ዋልልኝ። ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ አልቻለም። ከሰው መሃል መቀመጥም አልቻለም። ብስክሌቱን አወጣ።

ወደ ጋሳይ የሚወስደውን አስፋልት እንደያዘ እግሩ በለመደው ልክ ይገፋ ጀመር። ዳገት ላይ መልካሙን የሚቀድመው ስላልነበረ ሁልጊዜ ከፊቱ የሚያየው የእሱን ጀርባ ነበር። አሁን መንገዱ ባዶ ነው። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ሸለቆውን ይዞ ወደሚወጣው ጥርጊያ መንገድ ገባ። ጥቅምት ነውና ገብሱ ከወንዙ ዳር እስከ ገደሉ አፍ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል፤ ከበላዩ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ ረጅሙ የጅባራ ተክል ተገትሮ ይታያል። መልካሙ እዚች ጋ ሲደርስ ይወርድና፣ ዋልልኝ መቶ ጊዜ ያየውን አገር እንደ አዲስ፣ «አገሬን አየህልኝ?» ይለው ነበር። ዋልልኝ አልወረደም። ማርሹን ቀንሶ፣ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። ትንፋሽ ሲያጥረው ደግ ሆነለት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ማልቀስ አይችልም።

ሐሳቡ በላይ በኩል ዞሮ ቄሱ ቤት መግባት ነበር። አልሆነለትም። እማ ፈንታነሽ ገብስ ሲያጭዱ ኖሮ ብስክሌቱን ከሩቅ አዩት።

«ዋልልኝ! አንተ ዋልልኝ!» ማጭዳቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ፤ አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ቁልቁል ወደ መንገዱ አዩ። «ያ ሰነፍስ? ዛሬ ደግሞ ቀደምኸው?»

ዋልልኝ መሪውን ጨብጦ ቆመ። «ነገ ይመጣል፣ እማ።»

ውሸት አልነበረም። ኋላ ላይ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው ይኸው ነው።

«ነገ? እሰይ! ዶሮ እይዝለታለሁ!»

እጁን ይዘው ቤት አስገቡት። ትኩስ ድንች በቅቤ፣ እርጎ በቅል አቀረቡለት። መልካሙ መጀመሪያ ብስክሌት ይዞ የመጣ ለት የጎረቤት በሬዎች ደንብረው ሞፈር ቀንበሩን እንደያዙ ወንዝ መግባታቸውን እያወሩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ዋልልኝ እያንዳንዱን ጉርሻ በእርጎ እየገፋ ዋጠ።

«ብላ እንጂ፣ ከስተኻል። እሱም እንዲህ ከስቷል?»

«ደህና ነው።» ይህኛው ውሸት ነበር።

ሰበብ ፈጥሮ ወጣና ወደ ቄሱ ቤት ሄደ። ቄስ ታደሰ ፊቱን ገና ሲያዩ፣ «ማን ነው?» አሉት።

«መልካሙ።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ። «እህቴ አይታሃለች?» አሉ።

«አዎ፣ አባ። አብልተውኛል።»

ንጋት ላይ ዋልልኝን ጨምሮ ሰባት ሆነው ወረዱ። እማ ፈንታነሽ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ደጃቸው ላይ ዶሮ ይነጩ ነበር። ወንድማቸው ነጠላ ዘቅዝቀው ሲመጡ አዩ፤ ከኋላ የተከተሉትን ሰዎች አዩ። የተናገሩት ግን ለወንድማቸው አልነበረም።

«ነገ ይመጣል ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ፣ እማ።»

«ስትበላ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ከዚያ የወጣው ድምፅ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ያሉትን አጫጆች ከእርሻቸው አስነሣ። ረፋድ ላይ አስከሬኑ መኪና እስከሚደርስበት መጣ፤ ከዚያ በሰው ትከሻ ወጣ። ሲቀበር እማ ፈንታነሽ ዋልልኝን አላዩትም።

በአርባው ቀን ዋልልኝ እንደገና ወደ መንደሩ ወጣ። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ሳለ እማ ፈንታነሽ አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«አንተ አብረኸው ነበርህ። የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?»

ዋልልኝ አንገቱን ደፋ። «ምንም አላለም፣ እማ። አልነቃም።»

«ሰው ሁሉ ስሜን እየጠራ ሞተ ይለኛል።»

«አልጠራም።»

እማ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ዋልልኝ ሊነሣ ሲል እጁን ያዙት። አልለቀቁትም። ሰዉ እየተሰናበተ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱ እንደዚያው ተቀምጠው ቆዩ።