ዓይናዲስ የዘለለችው መስመር

ጦርነቱ የሰቆጣን ስልክ ካቋረጠ ወዲህ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የልጃቸውን የይሄይስን ድምፅ ሰምተው አያውቁም። ይሄይስ በሃያ አንድ ዓመቱ ወዶ አየር ኃይል የገባ ነው። ከቢሾፍቱ የሚልካቸውን ደብዳቤዎች ኪዳኑ የሚባል ነጋዴ በደሃና ወረዳ በኩል በአህያ ጭነት መሃል ሸሽጎ ያመጣቸዋል። እናቲቱ ፊደል ስላልቆጠሩ የምታነብላቸው ታላቅ እህቱ ዓይናዲስ ናት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አላስቸገሯትም። "እማዬ፣ ሥራዬ ሄሊኮፕተር መጠገን ነው። እጄ ዘይት እንጂ ደም አይነካም" ይላሉ።

ሦስተኛው በኅዳር መጣ። "ከመስከረም ወዲህ ግን አብሬ እበራለሁ፤ ቁስለኛ እናወጣለን። ባለፈው ሳምንት ተተኮሰብን።" ዓይኗ ቀድሞ አየውና አፏ ተያዘ።

"ምነው ቆምሽ?" አሉ እናቷ።

"ጽሑፉ ደብዝዞ ነው። ደኅና ነኝ ይላል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጫ አጣች። ደብዳቤውን አንዴ ጉያዋ፣ አንዴ ሣጥን ሥር ትሸሽጋለች። የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ወደ ደጅ ትሮጣለች። እናቷ ይህን ሁሉ ያያሉ። አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ደብዳቤውን ከሣጥኑ ሥር አውጥተው በቄስ ምሳው አስነበቡት።

ስትመለስ ደጃፉ ላይ ጠበቋት። "ልጄ ይበራል አሉ።"

"እማዬ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ..."

"ሁለት ወር ሙሉ መሬት ላይ ላለ ልጅ ስጸልይ ከረምሁ።" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ዓይናዲስን የባሰ የጎዳት እሱ ነው። "በይ ወረቀት አምጪ። የምልሽን ጻፊ፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።"

እንዲህ አስጻፏት፦ "ሰምቻለሁ፤ ፈርቻለሁም። የምታወጣቸው ልጆች እናት አላቸውና ውረድ አልልህም። ብቻ እውነቱን መጻፍህን አታቁም።"

ዓይናዲስ ከሥሩ "የደበቅሁት እኔ ነኝ" ብላ ጨመረችበት።

ኪዳኑ ደብዳቤውን ይዞ ሄደ። መልስ ግን አልመጣም። ወራት አለፉ፤ ዓይናዲስ በየሳምንቱ ነጋዴዎቹ የሚያርፉበት እየሄደች ባዶ እጇን ተመለሰች።

ጦርነቱ ሲበርድ ይሄይስ ለፋሲካ በፈቃድ መጣ። ግራ እጁ ተቃጥሎ ጠባሳ ሆኗል። እናቱ እጁን ይዘው ደጋግመው ሳሙት። ምግብ ቀረበለት፤ ሁለት ጉርሻ እንደበላ ተነሣ። ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ።

"ደብዳቤያችሁ ደርሶኝ ነበር፤ ቁጭ ስል ግን እውነቱ አይወጣልኝም" አላት ለእህቱ። "እየሄድን ልንገርሽ።"

ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው። ያወጧቸውን ቁስለኞች እያነሣ፣ በስማቸው እየጠራ ሲነግራት ወንዙ ድረስ ወረዱ። ሲመለሱም ገና አልጨረሰም ነበር።