የተዘለሉት ሁለት ገጾች

ያንን ልብ ወለድ ያላነበበ ሰው የለም ይባላል። ውሸት ነው። ያነበበው በጣት ይቆጠራል፤ የቀረው ሁሉ የሰማው ከአባቴ አፍ ነው። እኔ ሳልወለድ፣ በሬዲዮ፣ አስራ ሁለት እሁድ፣ ልክ ከምሳ በኋላ ይተረክ ነበር። በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ይል ነበር አሉ። እስከ ዛሬም አባቴን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ተራኪው» ነው የሚሉት። እኔም አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሦስት ፊልም ሠርቻለሁ፣ ግን የተራኪው ልጅ ነኝ።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አባት ልጁን ከቤት ያባርራል። ልጅቷ ጥራ ግራ የራሷን ቤት ትሠራለች። አባት አርጅቶ፣ ደክሞ በሯ ላይ ይመጣል። በሩን ትዘጋበታለች። አገር ምድሩ ያለቀሰው በዚህ ነው። ኩርፊያ የማይለቃትን ሴት ዛሬም ድረስ በልጅቷ ስም ይጠሯታል፤ እናቴም ስትቆጣኝ እንደዚያው ነው የምትለኝ።

ፊልም ላደርገው ስነሳ መጽሐፉን ገዝቼ አነበብኩት። ባልደረቦቼ ይህን እንደ ጉብዝና አዩት። ገጽ 211 ላይ በሩ ተዘጋ። ገለጥኩ። ገጽ 212 ላይ ልጅቷ በሩን መልሳ ከፈተችውና «አባዬ፣ ግባ» አለች። ገጽ 213 ላይ ሽማግሌው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የበሩን ደፍ ተሻግሮ ገባ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ከፈትኩት። ገብቷል።

ስክሪፕቱን እንዳለ ጽፌ ለፕሮዲውሰሩ ላክሁለት። በማግስቱ ቢሮው ጠራኝና ጣቱን መጨረሻው ትዕይንት ላይ ተከለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ይቅር ስትለው ነዋ።»

«እሷ? ይቅር? በሬ ወለደ እኮ ነው የጻፍሽው! ደራሲው ከመቃብር ተነስቶ ይክሰስሽ?»

«የጻፈው ራሱ ነው።»

«እመቤቴ፣ እኔ ይሄን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«ስንት ገጽ ነው?»

«አስራ ሁለት እሁድ» አለኝ።

ገጹን ከፍቼ ሰጠሁት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሽፋኑን ገልብጦ ማተሚያ ቤቱን አየ፤ ጥፋተኛ የሚፈልግ ይመስላል።

«ስሚኝ» አለ በመጨረሻ፣ «ሕዝቡ የሚመጣው በሩ ሲዘጋ ሊያለቅስ ነው። አንቺ ከከፈትሽው እንባውን ይዞ የት ይሂድ? ትዕይንቱ ይውጣ። ካልወጣ እኔ እወጣለሁ። እስከ ሰኞ አስቢበት።»

ያለ እሱ ፊልም የለም። ብቻዬን ደረጃውን እየወረድኩ ስሳደብ ጥበቃው ሰማኝና «አይዞሽ» አለኝ።

በዚያው ወደ አባቴ ሄድኩ። ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉ፣ ድምፁን ግን ማትረፍ አልቻሉም። አሁን የሚያወራው በደብተር ነው። ሲናደድ እርሳሱ ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ስለዚህ እንደ ድሮው መቆጣቱን ለማወቅ ችግር የለብንም።

«አባዬ፣ እነዚህን ሁለት ገጾች በሬዲዮ አላነበብካቸውም። ወረቀቱ ተጣብቆብህ ነው አይደል?» አልኩት። ጥያቄ ስጠይቅ መልሱንም አብሬ አቀርባለሁ፤ ክፉ ዐመል ነው።

መጽሐፉን አይቶ ወዲያው አወቀው። «አይደለም» በሚል ራሱን ወዘወዘ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ አደረገው፣ እንደገና አውልቆ ጠረገው። ከዚያ መጻፍ ጀመረ። ከትከሻው በላይ ላነብ ስል በእጁ ሸፈነብኝ። ገጽ ሙሉ ሲጨርስ ቀዶ ሰጠኝ።

«አያትሽ አናጺ ነበር። ሙያውን ትቼ ሬዲዮ ስገባ፣ በወሬ የሚኖር ልጅ የለኝም ብሎ አባረረኝ። ሠርጌ ላይ ቀረ። ከሰባት ዓመት በኋላ ታመመና ሰው ላከብኝ፤ ና ካለኝ እመጣለሁ አለ። የተላከውን ሰውዬ፣ እሁድ ሬዲዮ ክፈቱለት፣ መልሴን ይሰማል አልኩት። አያትሽ ማንበብ አይችልም ነበር። ገጽ 212ን ላነብለት ነበር ሐሳቤ። በሩ እስከሚዘጋበት ድረስ አነበብኩ። እዚያ ላይ ሠርጌ ትዝ አለኝ። ያ ባዶ ወንበር። ሁለት ቅጠል ባንድ ላይ ገለጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። እስከዚያ ድረስ ሬዲዮውን አላስጠፋም አሉ፤ የቀረ ነገር ይኖር ይሆናል እያለ።»

ሁለቴ አነበብኩት። ተናደድኩበት። በዚያው ቅጽበት አንጀቴን በላኝ። የመጣልኝን ተናገርኩ።

«አገር ሙሉ እኮ ነው ያሳሳትከው!»

«አገሩ ይቅር ይለኛል» ብሎ ጻፈ። ከሥሩም ጨመረበት፦ «ትዕይንቱን አታውጪው። እለምንሻለሁ።»

አባቴ በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም። ውኃ ሲጠማው እንኳን ብርጭቆውን አይቶ ዝም ነው የሚለው። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚሉት ይሄን ነው እንግዲህ።

ሰኞ ፕሮዲውሰሩ ፊት ተቀመጥኩ። «ትዕይንቱ አይወጣም» አልኩት። ወንበሩን ገፍቶ ሊነሳ ሲል «ሽማግሌውን ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ አባቴ ነው» አልኩ።

መልሶ ተቀመጠ። «ተራኪው? ራሱ? ግን እኮ መናገር…»

«ሽማግሌው በመጽሐፉ ምንም አይናገርም።»

«ፊቱን ፖስተሩ ላይ እናወጣዋለን?»

«እናወጣዋለን።»

«እንግዲያው ትክፈትለት» አለ። ሥነ ጽሑፋዊ ክርክራችን በዚህ ተጠናቀቀ።

የቀረጻው ቀን የተከራየነው ቤት ውስጥ ካሜራውን ከበሩ ጎን፣ የከፋችዋ ፊት በሚታይበት ተከልን። አባቴ አሮጌ ኮት ለብሶ ውጭ ቆመ። ተዋናይዋ በሩን ከፈተች። «አባዬ፣ ግባ» አለች። አባቴ አልተንቀሳቀሰም።

«ካት!» አልኩ። እንደገና ጀመርን። በሩ ተከፈተ፣ ግባ ተባለ፣ አባቴ ቆሟል።

«እግርህን አሞህ ነው? ደፉ ከፍ አለብህ?» አልኩት። ራሱን ወዝውዞ አይደለም አለኝ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ሞከርን። ተዋናይዋ «ምናልባት እኔ ላይ የሆነ ነገር ካለ…» ማለት ጀመረች። በስድስተኛው ትዕግሥቴ አለቀ።

«ኧረ በፈጠረህ፣ አባዬ! አንድ እርምጃ እኮ ነው!»

ደብተሩን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ጻፈ።

«አያትሽ አልገባም። እኔ ምን ብዬ ልግባ?»

ፊቴን አዞርኩ። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ አልኳቸው። ሦስት ጊዜ የተወለወለ ቤት ውስጥ ነበርን፤ ግን ማንም አልተከራከረኝም። አለቀስኩ። ለአባቴም፣ ሬዲዮ አጠገብ ተኝቶ ለጠበቀው፣ አይቼው ለማላውቀው አያቴም።

ቀና ስል አባቴ ውጭ የለም። ቤቱን ዞሮ በጓሮ በር ገብቶ ከኋላችን መጣ። ተዋናይዋን በትከሻዋ ቀስ አድርጎ ፈቀቅ አደረጋትና እሷ የቆመችበት ቦታ ቆመ። ፊቱን ወደ ተከፈተው በር አዞረ። ውጭ ማንም የለም። ካሜራማኑ ምን ላድርግ በሚል ዓይን አየኝ። በእጄ ቀጥል አልኩት።

አባቴ ቀጥ አለ። ከማይክራፎን ፊት እንደቆመ ሁሉ ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞከረና ተወው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሁላችንም አነበብነው።

«አባዬ፣ ግባ።»

ከዚያ ወደ ጎን ጠጋ ብሎ መንገድ ለቀቀ። አንድ የደከመ ሽማግሌ ደፉን ተሻግሮ እስኪገባ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ጠበቀ። አልቸኮለም። ሲበቃው በሩን እንግዳ ከገባ በኋላ እንደሚዘጋ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን ከጆሮው አነሳ።

«ዳይሬክተር፣ ምንም ድምፅ አልመጣም። እንድገመው?»

«አይ» አልኩት። «ገብቷል። ምሳ ውጡ።»